ሶሪያሲስና ኢሚውን ሲስተም፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ሶሪያሲስ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀውን እዚህ ሰብሰብ አድርጌዋለሁ፣ ከቀላሉ ጀምሬ ወደሚያወዛግበው ነው የምሄደው።

ሶሪያሲስ ምንድነው? ጭርት ነው ወይስ ችፌ?

ሁለቱም አይደለም። ጭርት ፈንገስ ነው፣ ችፌ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአለርጂና ከቆዳ መድረቅ ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። ሶሪያሲስ ግን የራሳችን የበሽታ መከላከያ፣ ኢሚውን ሲስተም የምንለው፣ ጀርም በሌለበት ቆዳውን እያስቆጣ የሚያቆየው የረዥም ጊዜ ህመም ነው። ጤነኛ ቆዳ ከሥር ተፈጥሮ ላይ ወጥቶ እስኪረግፍ አንድ ወር ገደማ ይፈጅበታል፣ ሶሪያሲስ የያዘው ቦታ ላይ ግን ይሄ ሁሉ ከሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቅና ሴሎቹ ሳይበስሉ ላይ ይደርሳሉ፣ በወጉ ሳይረግፉም አንዱ ባንዱ ላይ ይከመራሉ። ያ ነጭ፣ ብርማ ቅርፊት የምትሉት እሱ ነው።

ክርን፣ ጉልበት፣ የራስ ቆዳ፣ ወገብ አካባቢና ጥፍር ላይ መውጣት ይወዳል። ራስ ላይ ሲሆን ብዙ ሰው ፎሮፎር ነው ብሎ ዓመት ሙሉ ሻምፖ ይቀያይራል፣ ልዩነቱ ሶሪያሲስ ወፈር ያለ ነው፣ ከፀጉሩ መስመር አልፎ ግንባርና ጆሮ ጀርባ ላይም ይወጣል። የጭርት ክሬም ለወራት ቀብታችሁ ምንም ለውጥ ካላያችሁ አራተኛውን ክሬም ከመግዛት የቆዳ ሐኪም ጋ መሄድ ይሻላል።

ይተላለፋል እንዴ?

አይተላለፍም፣ በቃ። በመጨባበጥ አይተላለፍም፣ አንድ ትሪ ላይ በመብላት፣ በጉርሻ፣ በፎጣ፣ በመሳሳም፣ አብሮ በመተኛትም አይተላለፍም። እኛ ሀገር የቆዳ ነገር ሲነሳ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ሥጋ ደዌ ይሄዳል፣ አለርት ሂድ ሲባል ራሱ የሚደነግጥ አለ፣ አለርት ግን በሥጋ ደዌ ይጀምር እንጂ ዛሬ ሁሉንም ዓይነት የቆዳ ህመም ነው የሚያየው። በዓለም ላይ ቢያንስ 100 ሚሊዮን ሰው ሶሪያሲስ አለበት ተብሎ ይገመታል፣ የዓለም ጤና ጉባኤም በ2014 ስለዚሁ በሽታ ለብቻው ውሳኔ ያሳለፈው አንዱ ምክንያት ህመምተኛው ላይ የሚደርሰው መገለል ነው።

ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ ሁሉ ቀይ ነው፣ የኔ ግን ጠቆር ያለ ነው፣ ታዲያ ሶሪያሲስ ነው?

ሊሆን ይችላል። ፎቶዎቹ አብዛኞቹ ነጭ ቆዳ ላይ የተነሱ ስለሆኑ ነው። በእኛ ቆዳ ላይ መቅላቱ ብዙም አይታይም፣ ወይናማ፣ ቡናማ ወይ ግራጫ ሆኖ ነው የሚወጣው። ክርን ላይ የወጣችውን አንዷን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ጠርዟ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ በጣት መከተል ይቻላል፣ ከጤነኛው ቆዳ ትንሽ ከፍ ብላለች፣ ላይዋ ላይ ደረቅ ቅርፊት አለ፣ ቅርፊቱ ሲነሳ ከሥሩ ቀጭን እርጥብ ነገር ይታይና እዚም እዛም የመርፌ ጫፍ የምታህል ደም ብቅ ትላለች። ሐኪሞች ይሄን እንደ ምልክት ያዩታል፣ እናንተ ግን ለማጣራት ብላችሁ አትፋቁት፣ ለምን እንደሆነ ወደታች እመጣበታለሁ።

ከዳነ በኋላ ደግሞ ቦታው ለወራት ጠቁሮ ወይ ነጣ ብሎ ሊቆይ ይችላል። ያ በሽታው አይደለም፣ የመቆጣቱ አሻራ ነው፣ ቀስ እያለ ይመለሳል። ማቅያ ክሬም ፍለጋ አትሂዱ።

ኢሚዩኒቲዬ ደክሞ ነው አይደል? ማጠናከሪያ ምን ልውሰድ?

በጣም የሚያስቸግረኝ ጥያቄ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ለሶሪያሲስ ተብሎ ከሚሸጠው ነገር ብዙው በዚች ሐሳብ ላይ ነው የቆመው። ሶሪያሲስ ያለበት ሰው መከላከያው አልደከመም፣ እንደውም ቆዳው ላይ ከልክ በላይ እየሠራ ነው። ማንም ሳይሞት የዕድር ጡሩምባ ሲነፋ አስቡት፣ ሰው ተሯሩጦ ይመጣል፣ ድንኳን ይተከላል፣ የመጣው ደግሞ ሌላውን ይጠራል፣ ለቅሶው ግን የለም። ችግሩ የመጡት ሰዎች ደካማ መሆናቸው ሳይሆን ጥሪው ራሱ ነው።

ስለዚህ ማጠናከር ሳይሆን ጥሪውን ማስቆም ነው የሚያስፈልገው፣ በጥናት የተረጋገጡት ዋና ዋና መድኃኒቶች በሙሉ ማለት ይቻላል የመከላከያውን ድምፅ የሚቀንሱ እንጂ የሚጨምሩ አይደሉም። ጥቁር አዝሙዱን፣ ዝንጅብሉን፣ ነጭ ሽንኩርቱን በምግብ ላይ ብሉት ምንም ችግር የለውም፣ ጉዳቱ እሱን ብሎ ዋናውን ሕክምና መተው ነው።

እዚህ ላይ ነቃ ያለ ሰው "ታዲያ ኤችአይቪ ያለበት ሰው ላይ ሶሪያሲስ ለምን ይብሳል? እሱ መከላከያው ደክሟል እኮ" ይላል። ልክ ነው፣ ይብሳል። አንዱ ማብራሪያ ቫይረሱ የሚያጠፋው ሲዲ4 የሚባሉትን ሴሎች ነው፣ ከነሱ ውስጥ ደግሞ መቆጣትን የሚያረግቡት አሉበት፣ ስለዚህ ልጓሙ ሲጠፋ የቀሩት እንደልባቸው ይሆናሉ። ሶሪያሲስ በድንገትና በኃይል ከወጣ ሐኪሞች የኤችአይቪ ምርመራ የሚያዙትም ለዚሁ ነው፣ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት ሲጀመር ቆዳውም አብሮ ይሻሻላል።

እሺ ቆዳው ውስጥ በትክክል ምን እየሆነ ነው?

ሴሎች እርስ በርስ የሚላላኩባቸው ሳይቶካይን የሚባሉ ትንንሽ ፕሮቲኖች አሉ፣ ታሪኩ በሙሉ የነሱ ነው። ቆዳ ሲጫር ወይ ሲቆስል የላይኛው ንብርብር ሴሎች፣ ኬራቲኖሳይት የሚባሉት፣ ኤልኤል-37 የሚባል ጀርም ገዳይ ፕሮቲን ይለቃሉ፣ እስከዚህ ጥሩ ነው። ሶሪያሲስ ሊይዘው በሚችል ሰው ላይ ግን ይሄ ፕሮቲን ከሞቱ ሴሎች ከወጣ የራሳችን ዲኤንኤ ጋር ይጣበቃል፣ ዴንድሪቲክ ሴል የሚባሉት ጠባቂዎች ደግሞ ይሄን ሲያዩ ቫይረስ የገባ ይመስላቸውና ኢንተርፌሮን አልፋ የሚባለውን መልእክት ይለቃሉ። ይሄ ስህተት እንዴት እንደሚፈጠር በጥናት የታየው በ2007 ነው።

ከዛ ሌሎች ዴንድሪቲክ ሴሎች ይነቁና ኢንተርሉኪን 23 የሚባለውን መልእክት ይልካሉ። ኢንተርሉኪን 23 ቲኤች17 የሚባሉትን የቲ ሴል (ነጭ የደም ሴል ነው፣ ከመከላከያው ዋና ወታደሮች አንዱ) ዓይነቶች ያቆያቸዋል፣ ያበዛቸዋል፣ እነሱ በተራቸው ኢንተርሉኪን 17 እና ኢንተርሉኪን 22 ይለቃሉ፣ ቲኤንኤፍ የሚባለውም ከብዙ አቅጣጫ ይጨመርበታል። ኢንተርሉኪን 17 እና ቲኤንኤፍ ደግሞ አንድ ላይ ሲሆኑ የሚያደርሱት ነገር ለየብቻቸው ከሚያደርሱት ድምር ይበልጣል። የቆዳ ሴሎቹ መልእክቱ ሲደርሳቸው በጥድፊያ መባዛት ይጀምራሉ፣ የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ ለዛ ነው ቦታው የሚሞቀውና የሚቀላው፣ ኒውትሮፊል የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎችም ተጠርተው እስከ ቅርፊቱ ድረስ ይወጣሉ።

ዋናው ተንኮል መጨረሻ ላይ ነው። የተቆጡት የቆዳ ሴሎች ራሳቸው መልሰው ኤልኤል-37 እና ሌሎች የጥሪ ኬሚካሎች ይለቃሉ፣ ያ ደግሞ ዴንድሪቲክ ሴሎቹን እንደገና ይቀሰቅሳል፣ ዙሩ ይዘጋል። የመጀመሪያው ጭረት ከዳነ በኋላ እንኳ መቆጣቱ በራሱ የሚቀጥለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ ድሮ ሐኪሞች ራሳቸው ይሄ የቆዳ ሴሎች ችግር ብቻ ነው ብለው ነበር የሚያምኑት። በ1979 ሳይክሎስፖሪን የሚባለውን ቲ ሴል የሚያፍን መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ህመም የወሰዱ ሰዎች ሶሪያሲሳቸው ሲጠፋ ታየ፣ ከዛ ወዲህ ነው ዓይን ሁሉ ወደ ቲ ሴል የዞረው።

በዘር ነው የሚመጣው? ልጆቼንስ ይይዛቸዋል?

ዘር ድርሻ አለው ግን ፍርድ አይደለም። በጣም የሚታወቀው ክሮሞዞም 6 ላይ ያለው ኤችኤልኤ-ሲ 06:02 የሚባለው ነው፣ ቲ ሴሎች ምን እንደሚታያቸው ከሚወስኑት ጂኖች አንዱ ነው፣ ከሱ ሌላ ከ60 በላይ የጂን ቦታዎች ከሶሪያሲስ ጋር ተያይዘዋል፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ላይ የጠቀስናቸውን የኢንተርሉኪን 23 እና 17 መስመሮች የሚነኩ ናቸው። ግን ጂኑ ያላቸው ብዙ ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን አንዲት ነጥብ አትወጣባቸውም፣ በመልክ የማይለዩ መንትዮች ውስጥ እንኳ አንዱ ይዞት ሌላው ነፃ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ወላጅ ስላለበት ልጅ አይውለድ የሚባል ነገር የለም።

ምን ይቀሰቅሰዋል? ስትረስ ብቻ ነው?

ስትረስ አንዱ ነው ግን ሁሉንም በሱ ማላከክ ለህመምተኛው ሌላ ሸክም ነው፣ "አትጨነቅ ይለቅሃል" የምትሉ ሰዎች ይሄን አስቡበት። የታወቁት ቀስቃሾች የጉሮሮ ኢንፌክሽን፣ ሲጋራ፣ ብዙ መጠጥ፣ ውፍረት፣ የቆዳ ጉዳትና አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው። ልጆችና ወጣቶች ላይ በስትሬፕቶኮከስ የመጣ የጉሮሮ ህመም ከያዛቸው ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ትንንሽ ነጠብጣብ ሆኖ ሰውነታቸውን የሚያለብስ ዓይነት አለ፣ ጉሮሮውን የወጋው ባክቴሪያ ላይ የነቁት ቲ ሴሎች ወደ ቆዳው ይዞራሉ።

ከመድኃኒቶቹ ሊቲየም፣ ፕሮፕራኖሎልን የመሳሰሉ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒቶች፣ ክሎሮኪንም ይጠቀሳሉ። ክሎሮኪን እኛ ሀገር ለቫይቫክስ ወባ የሚሰጥ ስለሆነ ሶሪያሲስ ያለበት ሰው ወባ ሲይዘው ለሐኪሙ መናገር አለበት፣ መናገር አልኩ እንጂ የወባ መድኃኒት አልወስድም ማለት አይደለም፣ ወባ ይገድላል።

ለምንድነው ሁሌ እዛው ቦታ ላይ ተመልሶ የሚወጣው?

መቆጣቱ ሲበርድ ቲ ሴሎቹ ሁሉም አይሄዱም። ጥቂቶቹ እዛው ቆዳ ውስጥ ይቀራሉ፣ ነዋሪ የማስታወሻ ሴሎች ናቸው፣ ከላይ ሲታይ ቆዳው ንፁህ ነው ግን ከሥር ኢንተርሉኪን 17 መልቀቅ የሚችሉ ሴሎች ተቀምጠዋል። መድኃኒቱ ሲቆም ወይ ሌላ ቀስቃሽ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ እነሱ ናቸው የሚነቁት፣ ስለዚህ ድሮ ግራ ጉልበታችሁ ላይ የነበረው ግራ ጉልበታችሁ ላይ ይመለሳል።

አዲስ ቦታ ላይ የሚወጣበት መንገድ ደግሞ አለ። ሃይንሪሽ ኮብነር የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው የተጫረ፣ የተቃጠለ፣ የተነቀሰ ቆዳ ላይ ሶሪያሲስ ከቀናት እስከ ሳምንታት ውስጥ ሊወጣ ይችላል። አትፋቁት ያልኩት ለዚህ ነው። ቅርፊቱን በጥፍር ማንሳት፣ በደረቅ ፎጣ ወይ በድንጋይ መፈተግ፣ የሚያቃጥል ቅጠል መለጠፍ፣ ራስ ላይ ከሆነ ደግሞ ቆዳውን እስኪወጥረው የተጎተተ ሹሩባ መሠራት፣ ሁሉም ጥሪውን እንደገና ማስጀመር ነው።

ምን ልብላ? በርበሬና ሥጋ ላቁም?

ሶሪያሲስን የሚያድን ምግብ የለም። በርበሬ ያስነሳዋል የሚል የረባ ማስረጃም የለም፣ እናንተ ላይ ግን አንድ ምግብ በበላችሁ ቁጥር የሚብስባችሁ ከሆነ መተዉ አይጎዳም። ግሉተን መተው የሚጠቅመው ከግሉተን ጋር የሚጣላ የአንጀት ህመም ላለበት ሰው ነው፣ ጤፍ ግሉተን ስለሌለው እንጀራ ሶሪያሲስ ያድናል የሚለው ማስታወቂያ ግን ዝም ብሎ ንግድ ነው።

ክብደት ግን እውነተኛ ጉዳይ ነው። የሆድ ስብ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም፣ ቲኤንኤፍን ጨምሮ መቆጣት የሚያመጡ መልእክቶችን ይለቃል፣ ስለዚህ ወፍራም የሆነ ሰው ክብደት ሲቀንስ ቆዳውም ይሻለዋል፣ መድኃኒቱም የበለጠ ይሠራለታል። መጠጥና ሲጋራም እንደዛው።

ክሬም ስቀባ ይጠፋል፣ ሳቆም ብሶ ይመጣል፣ ክሬሙ አደገኛ ነው?

ስቴሮይድ ክሬም፣ ቤታሜታዞን ክሎቤታሶል ምናምን የሚባሉት፣ በአግባቡ ከተቀባ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ሴሎቹ መልእክት የሚያመርቱበትን ጂን ነው የሚያፍነው። ችግሩ አጠቃቀማችን ላይ ነው። ክሎቤታሶል ከስቴሮይዶች ሁሉ በጣም ኃይለኛው ዓይነት ውስጥ ነው፣ ፊት ላይ፣ ብብትና ብሽሽት ላይ የሚቀባ አይደለም፣ በተከታታይ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ሐኪም ክትትል አይቀጠልም። ወር ሙሉ ሲቀባ ቆዳው ይሳሳል፣ ይሸነተራል፣ ሳይታሰብ ሲቆም ደግሞ መቆጣቱ ከበፊቱ ብሶ ይመጣል። ማቅያ ተብለው የሚሸጡ ክሬሞች ውስጥ ይሄው ክሎቤታሶል ሊኖር እንደሚችልም እወቁ።

ከስቴሮይድ ጋር ካልሲፖትሪዮል የሚባል የቫይታሚን ዲ ዘመድ ይታዘዛል፣ ሲያዩት ቀላል ይመስላል ግን የሴሎቹን ጥድፊያ ያረጋጋል። ከሳሊሲሊክ አሲድ ጋር ግን አንድ ላይ አትቀቡት፣ አሲዱ ይሰብረዋል፣ ከንቱ ይሆናል።

የስቴሮይድ ክኒንና መርፌ ሌላ ነገር ነው። መርፌ ተወግቼ በሦስት ቀን ጠፋልኝ የሚል ሰው ይኖራል፣ እውነቱን ነው፣ ግን ሲለቅ መላ ሰውነትን የሚያለብስ ወይ መግል የሚቋጥር ዓይነት ሆኖ ሊመለስ ይችላል፣ ሐኪሞች ለሶሪያሲስ ብለው እሱን የሚሸሹት ለዚህ ነው።

ፀሐይ ይረዳል? ሙት ባሕርስ?

ይረዳል። ዩቪቢ የሚባለው የፀሐይ ጨረር ክፍል ቆዳ ውስጥ ያሉትን የተቆጡ ቲ ሴሎች ይገድላል፣ ያረጋጋል፣ ሆስፒታል ውስጥ የሚሰጠው የብርሃን ሕክምናም 311 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ጨረር ብቻ መርጦ የሚጠቀመው ለዚህ ነው። እስራኤል ያላችሁ ደግሞ ሙት ባሕርን ታውቁታላችሁ፣ ቦታው ከባሕር ወለል ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስለሆነ የሚያቃጥለው ጨረር በከፊል ይጣራል፣ ሰዎች ለሳምንታት እዛ እየተቀመጡ ይታከማሉ። ግን ከልክ ያለፈ ፀሐይ ያቃጥላል፣ የተቃጠለ ቆዳ ላይ ምን እንደሚወጣ ደግሞ ተነጋግረናል።

ሜቶትሬክሴት ታዘዘልኝ፣ ሳነበው የካንሰር መድኃኒት ነው ይላል፣ ልውሰደው?

ለካንሰር የሚሰጠውና ለሶሪያሲስ የሚሰጠው መጠን በጣም ይራራቃል። ለሶሪያሲስ በትንሽ መጠን ነው፣ በዚህ መጠን ደግሞ ዋና ሥራው ቲ ሴሎችን ማረጋጋት ነው፣ ርካሽ ስለሆነም ባዮሎጂክስ የሚባሉት መርፌዎች (ቀጥሎ እመጣባቸዋለሁ) እንደልብ በማይገኙበት ሀገር የብዙ ሰው ተስፋ እሱ ነው።

አንድ ነገር ግን በትልቁ ጻፉት፣ በሳምንት አንድ ቀን ነው የሚዋጠው። ባለ 2.5 ሚሊግራም ክኒን 6 ፍሬ ታዞላችሁ ሰኞን ከመረጣችሁ ስድስቱ ሰኞ ነው፣ ማክሰኞ የለም፣ ረቡዕ የለም፣ እስከ ቀጣዩ ሰኞ ብልቃጡ አይነካም። እንደ ሌላ ክኒን በየቀኑ የዋጡ ሰዎች አፋቸው ቆስሎ፣ መቅኒያቸው ደም ማምረት አቁሞ የሞቱበት አጋጣሚ አለ። ሌላው ፎሊክ አሲድ አብሮ ይሰጣል፣ ጉበትና ደም በየጊዜው ይታያል፣ መጠጥ ይቅር። ነፍሰ ጡር ወይ ለማርገዝ ያሰበች ሴት ጭራሽ አትወስደውም።

ባዮሎጂክስ የሚባሉት መርፌዎች ምናቸው ይለያል?

የድሮዎቹ መድኃኒቶች መከላከያውን በጅምላ ነው የሚያቀዘቅዙት፣ ባዮሎጂክስ ግን ከላይ ያየነው ሰንሰለት ውስጥ አንዷን መልእክት መርጠው ይይዛሉ። ዛሬ ሥራ ላይ ካሉት መጀመሪያ የመጡት ቲኤንኤፍን የሚይዙት ናቸው፣ ኤታነርሴፕት፣ አዳሊሙማብ የመሳሰሉት። ቀጥሎ በ2009 ኡስቴኪኑማብ መጣ፣ የሱ ታሪክ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱም ዋና ተጠርጣሪው ያኔ ኢንተርሉኪን 12 ነበር። ኢንተርሉኪን 12 እና 23 ግን ፒ40 የሚባል አንድ ቁራጭ ይጋራሉ፣ መድኃኒቱ እሱን ሲይዝ ሁለቱንም ያዘ፣ ቆይቶ ነው እውነተኛው ጥፋተኛ 23 መሆኑ የታወቀው። ከዛ በኋላ የመጡት እንደ ጉሰልኩማብና ሪሳንኪዙማብ ያሉት የ23ን ብቻ የሆነችውን ፒ19 ለይተው ይይዛሉ። ሴኩኪኑማብና ኢክሴኪዙማብ ደግሞ ወረድ ብለው ኢንተርሉኪን 17ን ነው የሚይዙት።

ልዩነቱ ኑሮ ላይም ይታያል። 17 የሚይዙት ቶሎ ይሠራሉ፣ 23 የሚይዙት ደግሞ ከምንጩ ስለሚያደርቁ መርፌው ይራራቃል፣ በየሁለት ወይ በየሦስት ወር ይሆናል። ኢንተርሉኪን 17 አፍና ብልት ላይ ካንዲዳ የሚባለውን ፈንገስ የሚከላከልልን ስለሆነ እሱ ሲታፈን ያ ፈንገስ ሊወጣ ይችላል፣ የአንጀት መቆጣት ህመም ላለበት ሰውም አይመረጥም። መርፌ ለማይፈልግ ክኒኖችም አሉ፣ በ2014 የመጣው አፕሬሚላስትና በ2022 የመጣው ዲዩክራቫሲቲኒብ።

ባዮሎጂክስ ልጀምር ስል የቲቢ ምርመራ ታዘዘብኝ፣ ሳል የለኝም እኮ?

ሳል ስላላችሁ አይደለም። ድሮ የገባ የቲቢ ባክቴሪያ ሳንባ ውስጥ ዙሪያው በሴል ታጥሮ ለዓመታት ሊተኛ ይችላል፣ አጥሩን አጥብቆ የያዘው ከሌሎች ጋር ሆኖ ቲኤንኤፍ ነው። ቲኤንኤፉን በመድኃኒት ስታፍኑት አጥሩ ይላላና ቲቢው ይነሳል። ኢትዮጵያ ቲቢ በብዛት ካለባቸው ሀገሮች አንዷ ስለሆነች አሜሪካም ሁኑ አውሮፓ እዚህ ያደገ ሰው ይሄን ምርመራ በቀልድ አይለፈው። የተኛ ቲቢ ከተገኘ መጀመሪያ መከላከያ መድኃኒት ይወሰዳል፣ ከዛ ባዮሎጂክሱ ይጀመራል፣ 17 እና 23ን የሚይዙት ላይ ስጋቱ ዝቅ ያለ ነው። ሄፓታይተስ ቢና ሲም አብረው ይታያሉ።

ባዮሎጂክስ እየወሰድኩ ነው፣ ሀገር ቤት ልሄድ ነው፣ ክትባትስ?

ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠይቁ። የቢጫ ወባ ክትባት የተዳከመ ግን ሕያው ቫይረስ ያለበት ነው፣ ባዮሎጂክስ ወይ ሌላ መከላከያን የሚያፍን መድኃኒት የሚወስድ ሰው በአብዛኛው አይሰጠውም፣ እንደ ኩፍኝ ያሉ ሕያው ክትባቶችም እንደዛው። መድኃኒቱን ለተወሰነ ጊዜ ማቆም ወይ የክትባት ነፃ ደብዳቤ መያዝ ይቻል እንደሆን የሚወስነው ሐኪማችሁ ነው። እንደ ጉንፋን መርፌ ያሉ ሕያው ያልሆኑት ግን ይወሰዳሉ።

ቆዳዬ ላይ ነው ያለው፣ ጣቴና ተረከዜ ለምን ያመኛል?

ምክንያቱም እነዚያ መልእክቶች ቆዳ ላይ ብቻ አይቆሙም። ሶሪያሲስ ካለባቸው እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት መገጣጠሚያቸውም ይያዛል፣ ብዙ ጊዜ ቆዳው ቀድሞ ነው፣ ዓመታት ቆይቶ መገጣጠሚያው ይከተላል። ጠዋት ስትነሱ ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ መተሳሰር፣ ከሥር እስከ ጫፍ ያበጠ ጣት፣ ጅማቱ አጥንት ላይ የሚጣበቅበት የተረከዝ ህመም፣ ጥፍር ላይ ትንንሽ ጉድጓዶች ካሉ ዝም አትበሉ፣ መገጣጠሚያው አንዴ ከተጎዳ በኋላ አይመለስም። የደም ምርመራው ሩማቶይድ ፋክተር (የመገጣጠሚያ ህመም ሲጠረጠር ደም ውስጥ የሚፈለግ ምልክት) የለም ቢል እንኳ ሶሪያሲሱ ነው የሚለውን ጥርጣሬ አያስቀርም። ከባድ ሶሪያሲስ ከልብ ህመም፣ ከስኳርና ከድብርት ጋርም ይያያዛል፣ ስለዚህ ግፊትና ስኳርም ይለካ።

ጠበል ልሂድ፣ መድኃኒቱንስ ላቁም?

ጠበል መሄድና መድኃኒት ማቆም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጠበላችሁን ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁንም ውሰዱ፣ የሚከለክል የለም። ለዘለዓለም የሚያጠፋው መድኃኒት እስካሁን የለም፣ ለዓመታት ንፁህ ሆኖ መቆየት ግን ይቻላል፣ ቆዳው ጠራ ብሎ በራስ ሥልጣን ማቆም ነው እነዚያን የተኙ ሴሎች የሚቀሰቅሰው።

ለወገቤ መገጣጠሚያ ቲኤንኤፍ የሚያፍን መርፌ ጀምሬ ሶሪያሲስ ወጣብኝ፣ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣል እንዴ?

ይሄ ከሁሉም ግራ የሚያጋባው ነው፣ መልሱም አዎ ነው፣ ጥቂት ሰዎች ላይ ይከሰታል፣ ብዙ ጊዜ መዳፍና የእግር ሥር ላይ ወይ ራስ ላይ። ቲኤንኤፍ ራሱ ሌላ መልእክት ያፍናል፣ ኢንተርፌሮን አልፋን፣ የሰንሰለቱ መጀመሪያ ላይ ያየነውን። ቲኤንኤፉ ሲጠፋ ዴንድሪቲክ ሴሎቹ ኢንተርፌሮኑን ያለ ከልካይ ያመርታሉ፣ ቆዳው ይቆጣል። ቀላል ከሆነ በክሬም እየታከመ ይቀጠላል፣ ከባሰ ወደ 17 ወይ 23 መስመር ይቀየራል፣ መርፌውን ያዘዘው ሐኪምና የቆዳ ሐኪሙ ተነጋግረው ቢወስኑ ነው የሚሻለው።

ቅርፊት ሳይሆን መግል የያዙ ነጥቦች ወጥተው ትኩሳት ካለኝስ?

ያኔ ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። መላ ሰውነት ላይ የሚወጣው ባለ መግል ዓይነት ሰንሰለቱ ሌላ ነው፣ መሪው ኢንተርሉኪን 36 ነው፣ አንዳንዶቹ ላይ እሱን የሚያቆመው ልጓም ጂን ሲወለዱ ጀምሮ የተበላሸ መሆኑ በ2011 ታውቋል። መግሉ ውስጥ ባክቴሪያ የለም፣ የተጠራቀሙ ኒውትሮፊሎች ናቸው፣ ስለዚህ አንቲባዮቲክ ገዝቶ ቤት መቀመጥ ጊዜ ማባከን ነው። በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው ስፔሶሊማብ ይሄንኑ መስመር የሚዘጋ ነው፣ እሱ በሌለበት ሐኪሞች ሳይክሎስፖሪን ወይ አሲትሬቲን ይጠቀማሉ። ከመሄዳችሁ በፊት በቅርቡ ያቆማችሁትን መድኃኒት ስም፣ በተለይ የስቴሮይድ ክኒን ወይ መርፌ ከሆነ፣ ጽፋችሁ ያዙ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ከሚጠይቃችሁ አንዱ እሱ ነው።